ንጥጥር ምንድን ነው? ትርፍ 3 ለ 2 ሲካፈል

ንጥጥር አንድን መጠን ከሌላው ጋር በማካፈል የምናወዳድርበት መንገድ ነው። "3 ለ 2" ሲባል አንዱ 3 እጅ፣ ሌላው 2 እጅ ወሰደ ማለት ነው። 3 ብር ማለት አይደለም! የአንዱ እጅ ዋጋ እስኪታወቅ ድረስ ስለ ገንዘቡ ልክ ምንም አልተነገረንም።

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሴቶች ሽርክና ገቡ እንበል። ጾም ነውና የአሳ ገበያው ደርቷል። ከጣና አጥማጆች ቀረሶ ይገዛሉ፤ አጽድተው ለምግብ ቤት ይሸጣሉ። ካፒታሉን ያዋጡት 3 ለ 2 ነው። ካፒታል ስል ለአሳው መግዣ ብቻ ሳይሆን ለበረዶውም ለባጃጁም የወጣውን ጭምር ነው። አሳው ተሸጦ ሲያልቅ 7,500 ብር ተገኘ። ትርፉ የካፒታሉ 25 በመቶ ነው። ባዋጡት ልክ ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?

ብዙ ተማሪ ወዲያው የ7,500ን 25 በመቶ ያወጣና "ትርፉ 1,875 ነው" ይላል። እስቲ እንፈትሸው። ትርፉ 1,875 ከሆነ ካፒታሉ 5,625 ሊሆን ነው። ያ ደግሞ ከ33 በመቶ በላይ ትርፍ ነው፤ ጥያቄው ግን 25 ብሏል። ስለዚህ በመቶኛ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ "የምን?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ የካፒታሉ ነው እንጂ የሽያጩ አይደለም።

ካፒታሉን "ክ" እንበለው። ክ + 0.25ክ = 7,500። ማለትም 1.25ክ = 7,500፤ ክ = 6,000 ብር። ትርፉ 1,500 ብር ሆነ።

አሁን እጆቹን እንደምር፦ 3 + 2 = 5። 1,500 ለ5 ሲካፈል አንዱ እጅ 300 ብር ነው። ለአንደኛዋ 900፣ ለሁለተኛዋ 600 ይደርሳቸዋል። ማረጋገጫው ደስ ይላል፦ አንደኛዋ ያዋጣችው 3,600 ነበር፤ የዚያ 25 በመቶ ልክ 900 ነው።

አንዳንዴ ጥያቄው ጠቅላላውን ትርፍ ይደብቅና "አንደኛዋ ከሁለተኛዋ 400 ብር በላይ ደረሳት" ይላል። ያኔ እጆቹን አትደምሩ፤ ቀንሱ። 3 − 2 = 1 እጅ፣ እሱም 400 ብር። ስለዚህ ትርፉ 5 × 400 = 2,000 ብር ነው።

የገንዘቡ ቆይታ ከተለያየ ደግሞ መዋጮውን በወሩ ማባዛት ነው። 3 እጅ ያላት 4 ወር፣ 2 እጅ ያላት 6 ወር ካቆዩት ሁለቱም 12 ይሆናል፤ ትርፉን እኩል ይካፈላሉ።