ቁጥር፣ ፊደልና ደረጃ፦ የአሜሪካው ተግባራዊ ተኩስ ማኅበር አባላቱን እንዴት ይመድባል?

የተኩስ ውድድር ውጤት ወረቀትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ከስሙ ቀጥሎ በፊደል የሚጀምር ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ብቻዋን የቆመች ፊደል አለች። ከዚያ የመሣሪያው ክፍል ይመጣል፤ ከዚያ «ሜጀር» ወይም «ማይነር» የሚል ቃል። አንዳንዱ ጋ «ሌዲ» ወይም «ሲኒየር» የሚል ነገር ይጨመርበታል። ሁሉም ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት፤ የሚያወሩት ነገር ግን ለየቅል ነው።

ይህን አሠራር በደንብ የሚያሳየው ዩኤስፒኤስኤ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የዩናይትድ ስቴትስ ተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን የኢፕሲክ የአሜሪካ ክንፍ ሆኖ ነው የተነሣው። ኢፕሲክ ራሱ በ1976 በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር የተባለ የቀድሞ የማሪን መኮንን ነበር። የስፖርቱ መፈክር ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት ማለት ናቸው። በኦሎምፒክ እንደምናየው አንድ ቦታ ቆሞ፣ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ ክብ ኢላማ መምታት አይደለም። ተወዳዳሪው ይሮጣል፣ ከከለላ ጀርባ ይተኩሳል፣ ካዝና ይቀይራል። ሰዓቱም እየቆጠረ ነው።

ከአባልነት ቁጥሩ እንጀምር። ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል የሚነግረን ሰውየው ለምን ያህል ጊዜ እንደከፈለ ብቻ ነው። «ኤ» ዓመታዊ አባል ነው። «ቲዋይ» የሦስት ዓመት፣ «ኤፍዋይ» የአምስት ዓመት ክፍያ በአንዴ የፈጸመ ነው። «ኤል» የዕድሜ ልክ አባል። «ቢ» ደግሞ ከዕድሜ ልክም አልፎ ተጨማሪ ገንዘብ የሰጠ ደጋፊ አባል ነው። እኛ አገር የለመድነው የመኪና ታርጋ ላይ ያለው ኮድ እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ኮዱ ታክሲ ይሁን የቤት መኪና ይናገራል እንጂ ስለ ሹፌሩ ችሎታ ምንም አይልም።

ዓመታዊ የነበረ ሰው የሦስት ዓመት ሲከፍል ፊደሉ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን አብሮት ይሄዳል። አቋርጦ ከዓመታት በኋላ ቢመለስም የድሮ ቁጥሩን ይዞ ነው የሚመለሰው። የዕድሜ ልክ አባላት ቁጥር ግን በራሱ ተራ የሚሄድ ስለሆነ አጭር ነው። ስለዚህ የ«ኤል»ን አጭር ቁጥር ከ«ኤ» ረጅም ቁጥር ጋር አወዳድሮ «ይሄ ሰውዬ መሥራች ነው መሰል» ማለት ያሳስታል። ምናልባት ባለፈው ዓመት ነው የከፈለው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የዓመታዊ አባላት ቁጥር ስድስት አሃዝ ከገባ ቆይቷል። ይህን አይቶ ማኅበሩ ከመቶ ሺህ በላይ አባል አለው የሚል አለ። ቁጥሩ ግን ከተመሠረተ ጀምሮ የተመዘገበውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። አንዴ ሞክሮ የተወ አለ፣ ያረጀ አለ፣ የሞተ አለ። በየዓመቱ ከፍሎ የሚወዳደረው ሕዝብ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የማንኛውንም ማኅበር ትልቅነት ከመጨረሻው አባል ቁጥር መገመት ሞኝነት ነው፤ ይህ ለዕድርም ይሠራል።

ያም ሆኖ ዝቅ ያለ ቁጥር በሜዳው ላይ ክብር አለው። ነባር መሆንን ያሳያላ! ባለ አራት አሃዝ የ«ኤ» ቁጥር ያለው ሰው ሲመዘገብ ወጣቶቹ ዞር ብለው ያዩታል። መብት ግን አይጨምርለትም። በምርጫ አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ እንደማንም።

ቁጥሩ ዋና ሥራውን የሚሠራው ነጥብ ሲላክ ነው። በየክለቡ ውድድር የሚመዘገብ የደረጃ መመዘኛ ውጤት ወደ ማኅበሩ የሚሄደው በአባልነት ቁጥር ታስሮ ነው። መዝጋቢው አንድ አሃዝ ከሳተ ሲስተሙ ይመልሰዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ነጥቡ የሌላ ሰው ገበታ ላይ ያርፋል። የክለብ መዝጋቢዎች እሑድ ማታ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ይሄ ነው። የዳኝነት ፈቃድም ከዚሁ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የሜዳ ዳኛ ለመሆን በማኅበሩ የዳኞች ተቋም መሠልጠንና መፈተን ያስፈልጋል፤ አባልነቱ ካልታደሰ ፈቃዱም አይሠራም።

አሁን ወደዚያች ብቻዋን ወደቆመችው ፊደል እንሂድ። እሷ ናት የችሎታ ደረጃ። ከላይ ግራንድ ማስተር አለ፤ በአጭሩ «ጂኤም» ይሉታል። ከእሱ ቀጥሎ ማስተር፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ገና ያልተመዘነ ሰው «ዩ» ይባላል። መለኪያው መቶኛ ነው። 95 እና ከዚያ በላይ ግራንድ ማስተር፣ ከ85 ጀምሮ ማስተር፣ ከ75 ኤ፣ ከ60 ቢ፣ ከ40 ሲ፤ ከዚያ በታች ዲ። የምን መቶኛ? በዚያው ክፍልና በዚያው ፈተና ለምርጦቹ ተኳሾች ከተቀመጠው ከፍተኛ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ጣጣ አለ። ኤ የምትባለው ፊደል ሦስት ቦታ ትገኛለች። በቁጥሩ ፊት ስትሆን ዓመታዊ አባል ማለት ነው። በደረጃ ስትሆን ጎበዝ ተኳሽ። ካርቶን ኢላማው ላይ ደግሞ መሐሉ ኤ ነው፣ አምስት ነጥብ የሚያስገኘው። «ኤ ነኝ» የሚል ጀማሪ ከመጣ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ደረጃው እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ፈተና እንየው። ስሙ ኤል ፕሬዚደንቴ ነው፤ ያመጣውም ጄፍ ኩፐር። ሦስት ካርቶን ኢላማዎች አሥር ያርድ ያህል ርቀት ላይ፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ ሜትር ግድም፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ተኳሹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሽጉጡ አፎቱ ውስጥ እንዳለ፣ እጆቹን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ይቆማል። ጢጥ የሚል ድምፅ ሲሰማ ይዞራል። ሙሉ በሙሉ ሳይዞር ሽጉጡን መምዘዝ ክልክል ነው። በእያንዳንዱ ኢላማ ላይ ሁለት ሁለት ይተኩሳል፣ ካዝና ይቀይራል፣ እንደገና ሁለት ሁለት። አሥራ ሁለት ጥይት፣ ከ60 ነጥብ።

እንበልና አሥሩ ጥይቶች ኤ ላይ፣ ሁለቱ በኤ ዙሪያ ባለው ሲ በሚባለው የካርቶኑ ክፍል ላይ አረፉ፤ በ8 ሰከንድ። በማይነር ስሌት፣ ማለትም ጉልበቱ አነስ ባለ ጥይት፣ ሲ ሦስት ነጥብ ነው። 50 ሲደመር 6፣ 56። ይህ ለ8 ሲካፈል 7 ይሆናል። ይህን ቁጥር «ሂት ፋክተር» ይሉታል፤ ነጥብ ሲካፈል ለሰከንድ ማለት ነው። ለስሌት እንዲቀለን የምርጦቹ ማነጻጸሪያ 10 ነው ብንል፣ የኛ ሰው 70 በመቶ አገኘ፣ የቢ ደረጃ ውጤት ነው። ይኼው ሰው አንድ ሰከንድ ቢያፈጥን 8 ይሆንለታል፤ 80 በመቶ፣ ኤ። በዚህ ስፖርት ሰከንድ ውድ ናት። ግን ቸኩሎ አንድ ጥይት ከካርቶኑ ውጪ ከላከ አሥር ነጥብ ቅጣት አለ፣ የቸኮለበት ሁሉ መና ይቀራል።

በአንድ ጥሩ ቀን ግን ደረጃ አይገኝም። መጀመሪያ ቢያንስ አራት የመመዘኛ ውጤት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከቅርብ ጊዜዎቹ ስምንት ውጤቶች ምርጥ ስድስቱ ተወስደው አማካዩ ይሰላል። አንዴ የወጣ ሰው ደግሞ በራሱ ጊዜ አይወርድም። ተኩስ ቀንሶ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ አማካዩ ቢያሽቆለቁልም ማስተር የነበረ ማስተር ነው። በአንድ የመሣሪያ ክፍል ማስተር የሆነ ሰውም በሌላው ክፍል ዲ ሆኖ አይገባም፤ ከከፍተኛው ደረጃው ከአንድ እርከን በላይ ዝቅ ሊል አይችልም።

ይህ ሕግ የመጣው ለሽልማት ሲባል ከሚደረግ ተንኮል ነው። በትልልቅ ውድድሮች ለየደረጃው አንደኛ ይሸለማል። ስለዚህ ሆን ብሎ በመመዘኛው እያዘገመ፣ ቢ ላይ ተደብቆ፣ የቢን ዋንጫ የሚበላ ሰው አይጠፋም። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ «የወረቀት ጂኤም» የሚባለው ነው። አሥራ ሁለት ጥይት ያላትን አጭር ፈተና እየደጋገመ ተለማምዶ ግራንድ ማስተር ይሆናል፤ ረጅም ሩጫ ያለው እውነተኛ ውድድር ላይ ሲመጣ ግን ማስተሮቹ ጥለውት ይሄዳሉ። በኔ ግምት ሁለተኛው ማንንም አይጎዳም፣ ከራሱ በቀር። የመጀመሪያው ነው የሚያስጠላው።

የመሣሪያ ክፍሎችን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ኦፕን የሚባለው ሁሉ የተፈቀደበት ነው፤ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ላይ የተኩስ ግፊት መቀነሻ፣ ረጅም ካዝና። ሊሚትድ ማነጣጠሪያ መነጽር የለውም። ፕሮዳክሽን ከፋብሪካ እንደወጣ ለቀረበ ሽጉጥ ነው። ሲንግል ስታክ የ1911 ዓይነት ሽጉጥ ያላቸው ነባሮች ቤት ነው። ሪቮልቨርም የራሱ ክፍል አለው። ኬሪ ኦፕቲክስ (ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ የተገጠመለት ሽጉጥ) እና የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሱ ካርባይኖች፣ ማለትም አጫጭር ጠመንጃዎች፣ በቅርብ ዓመታት የመጡ ናቸው፤ የዕድሜ ባለጸጎችም ወደነዚህ ያዘነብላሉ፣ ዓይን ሲደክም ቀይ ነጥብ ትልቅ ውለታ ነው።

ሜጀርና ማይነር የጥይቱ ጉልበት ነው። የጥይቱ እርሳስ ክብደት ግሬን በሚባል መለኪያ፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለሺህ ይካፈላል። 165 የደረሰ ሜጀር ነው፣ 125 የደረሰ ማይነር። 124 ግሬን እርሳስ በ1050 ጫማ ቢሄድ 130.2 ይሆናል፣ ማይነር። ልዩነቱ መሐሉን ሲስቱ ነው የሚታወቀው፤ ሲ ላይ ሜጀር አራት ያገኛል፣ ማይነር ሦስት። ዲ ላይ ሁለትና አንድ። በትልልቅ ውድድሮች የተወዳዳሪው ጥይት ተወስዶ በመሣሪያ ይለካል። ጥይቱን ራሱ ቤቱ የሚሞላ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ላብ ላብ ይለዋል።

የቀረው ልዩ ምድብ ነው፤ ከችሎታም ከመሣሪያም ውጪ ያለ። ሴቶች፣ ታዳጊዎች፣ ወታደሮች፣ ሕግ አስከባሪዎች። በዕድሜ 55 የሞላው ሲኒየር ነው፣ 65 ሲሞላው ሱፐር ሲኒየር፤ ከ70 በኋላም ሌላ አለ። ይህ ምድብ ውጤትን አይለውጥም። የ66 ዓመቱ ሰውዬ ከ20 ዓመቱ ጎረምሳ ጋር በአንድ ዝርዝር ነው የሚሰለፈው፤ በምድቡ ደግሞ ለብቻው ይታያል። በቂ ተወዳዳሪ ከሌለ የምድቡ ሽልማት ይቀራል።

አስተዳደሩ አገሪቱን በስምንት ቀጣና ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ቀጣና የራሱን ዳይሬክተር ይመርጣል፣ ፕሬዚዳንቱንም አባላት ናቸው የሚመርጡት። ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በስምንተኛው ቀጣና ናቸው። አባልነቱ ግን የጦር መሣሪያ ፈቃድ አይደለም። ቁጥሩን ለፖሊስ ቢያሳዩት ምንም ዋጋ የለውም፤ መሣሪያ የመያዝ ጉዳይ የግዛቱና የፌዴራሉ ሕግ ነው።

ሌሎች ማኅበራት በሌላ መንገድ ሄደዋል። በ1871 የተመሠረተው ኤንአርኤ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር፣ ከዕድሜ ልክ በላይ ሦስት እርከን አለው፣ ሁሉም በልገሳ የሚገኙ። ከሁሉም የሚያዝናናው ግን ሳስ የሚባለው የካውቦይ ተኳሾች ማኅበር ነው። በ1987 የተመሠረተ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል ከቁጥሩ ጋር የካውቦይ ዘመን ቅጽል ስም ይመዘገብለታል። አንዴ የተያዘን ስም ሌላ ሰው መውሰድ አይችልም። ውጤቱም የሚለጠፈው በዚያው በቅጽል ስሙ ነው፤ ለዓመታት አብረው ሲተኩሱ ኖረው የእውነት ስማቸውን የማይተዋወቁ ሰዎች ቢኖሩ አይገርምም።

ጀርመን ደግሞ አባልነት ቀልድ አይደለም። እዚያ ስፖርተኛ ተኳሽ የራሱን ሽጉጥ እንዲገዛ የሚፈቀድለት እውቅና ባለው ማኅበር ሥር ባለ ክለብ ቢያንስ ለ12 ወራት አባል ሆኖ በመደበኛነት ሲለማመድ ነው። ክለቡ የተገኘባቸውን ቀናት ይመዘግባል፤ ማኅበሩ መሣሪያው ለስፖርቱ እንደሚያስፈልገው ያረጋግጣል። ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ፣ ለመጀመሪያው መሣሪያ የአእምሮ ብቃት ማስረጃም ይጠየቃል። ከክለቡ ከወጣ ክለቡ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከዚያ ቢሮው መሣሪያው አሁንም ያስፈልገው እንደሆነ ይመረምራል።