በሳጥን ውስጥ ደጋና ቆላ፦ የሙቀት ተዳፋት ምንድን ነው?

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ወደ ባቲ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ጃኬቱን አውልቆ «ኧረ መስኮት ክፈቱ» ማለት ይጀምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፣ ባቲ ወደ 1500። ከፍታው 1000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ይህን መንገድ አጣጥፋችሁ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን ውስጥ ብትከቱት የሙቀት ተዳፋት የሚባለውን ነገር አገኛችሁ። ፈረንጆቹ ቴርማል ግራዲየንት ይሉታል።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የእህቴ ልጅ ነው። ውጭ አገር ይኖራል፤ ኮርን ስኔክ የሚሉትን እባብ ገዝቶ ቤቱ ያሳድጋል። መርዝ የለውም፣ የትውልድ አገሩም የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው። እኔ ደሴ ላይ የቤት መብራት ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደውሎ «አጎቴ፣ ሳጥኑን በአምፖል ላሙቀው ወይስ ከሥር በሚነጠፍ ማሞቂያ?» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ሆና ሰማች። «ኧረ በነቢ! እባብ በረደው ብሎ ነው የሚጨነቀው? ለኔ መቼ ብርድ ልብስ ላከ!» የሷ ቅሬታ ለጊዜው ይቆየን። ልጁ ግን ጥያቄውን የጀመረው ከመሃል ነው። ስለ መሣሪያው ከማሰቡ በፊት የትኛው ጥግ ደጋ፣ የትኛው ቆላ እንደሚሆን መወሰን ነበረበት።

ትምህርት ቤት እባብን «ቀዝቃዛ ደም ያለው» ብለን ተምረናል። ስሙ ያሳስታል። ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ እባብ ደሙ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እኛ የበላነውን እያነደድን ሰውነታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ እናቆያለን፤ እባብ ሙቀቱን ከውጭ ይበደራል። ትንሽ በልቶ ብዙ የሚከርመውም ለዚሁ ነው። ሲበርደው ወደ ሙቁ ይጠጋል፣ ሲበቃው ይሸሻል፤ ሌላ ዘዴ የለውም። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት የሚነገረው ለተንኮለኛ ሰው ነው፤ ካቡን ያነሳው ተራች ግን እባብ የት እንደሚውል የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። የእርከን ካብ ረፋዱ ላይ ላዩ ይግላል፣ ውስጡ እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ማታ ደግሞ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ይመልሳል። እባቡ ሁለት ስንዝር ሳብ ብሎ አየር ንብረት ይለውጣል፣ ያውም ሳይታይ።

ሳጥኑ ይህን ካብ መምሰል አለበት። ለኮርን ስኔክ ሙቁ ጥግ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 24 ቢሆን ይስማማዋል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጣው ቦል ፓይተን የሚሉት ሌላ እባብ ደግሞ ሙቁን ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛውን 25 አካባቢ ይፈልጋል። ሳጥኑን በሙሉ 30 ማድረግ እንስሳውን ባቲ ላይ ማሰር ነው፤ የሚሸሽበት ደጋ የለውም። በሙሉ ከበረደ ደግሞ የዋጠው አይጥ ሳይፈጭለት ይቀርና ይተፋዋል። ከዋጠ በኋላ ወደ ሙቁ ጥግ ሄዶ የሚጠቀለለው ሆዱ ያንን እንዲፈጭለት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው መደበቂያውን ነው። መደበቂያው ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እባብ ፈሪ ነውና ሙቀቱን ትቶ ጨለማውን ይመርጣል፤ እየበረደውም እዚያው ይቀመጣል። በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ መደበቂያ ያስፈልገዋል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ከሥር የሚነጠፈው ማሞቂያ የነካውን ሆድ እንጂ አየሩን ብዙም አያሞቅም፤ ቤቱ በራሱ ሞቃት ለሆነ ሰው ይበቃዋል። የሚሸፍነው የወለሉን ሲሶ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ከሸፈነ ተዳፋቱ ጠፋ። በላዩ የሚደረገው አፈር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ከወፈረ ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ከሥሩ ያለው መስታወት ግን እየጋለ ይሄዳል። ሃሎጂን አምፖል ከላይ እንደ ፀሐይ ጀርባውን ያሞቃል፣ ድንጋዩንም ያግላል፤ ለኔ ለካቡ የሚቀርበው እሱ ነው። ማታ ግን መጥፋት አለበት፤ እባብም ሌሊት ጨለማ ይፈልጋል። ሌሊት ለሚበርድ ቤት ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ አለ። እንደ አምፖል ይጠመዳል፣ ገላው ግን ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል መያዣው ፖርሴሊን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ እባቡ እንዳይጠመጠምበትም በሽቦ ይከለል። በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይም ይሸጣል። እሱን እንዳትገዛ አልኩት።

የተመረጠው የትኛውም ይሁን፣ ያለ ተርሞስታት አይሰካም። ካውያ ሲግል መብራቱ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚበራው በዚሁ ዘዴ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ «ሲያቃጥለው ይነሳ የለ» ብዬው ነበር። አይነሳም! ሆዱ እየተቃጠለ እዚያው ተኝቶ የሚቆስል እባብ ብዙ ነው። ለሚነጠፈው ማሞቂያ አብርቶ የሚያጠፋው ተርሞስታት ይበቃል፤ ለአምፖል ግን ኃይሉን ቀስ እያለ የሚቀንሰው ይሻላል፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ሲጠፋ ይውልና ቶሎ ይቃጠላል። የተርሞስታቱ መለኪያ ሙቁ ጥግ ላይ ይታሰራል። ቴርሞሜትር ደግሞ ሁለት ይገዛል፣ ለደጋውም ለቆላውም።

ክፍሉ ራሱ ምርጫውን ይለውጠዋል። ሳጥኑ ደሴ ቢቀመጥ በኅዳር ሌሊት ብርዱ ተርፎ ይፈሳል፤ የሚነጠፈው ማሞቂያ ብቻውን አይችለውም፣ ከላይ የሚያሞቅ ያስፈልጋል። ባቲ ቢሆን ጭንቁ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ጥግ ማግኘት ነው። መብራት ቢጠፋስ? ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ላለ ሰው አይመጣለትም። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ጥግ ማስቀመጥ፣ አየር መግቢያውን ሳይደፍኑ ሳጥኑን ጋቢ ማልበስ ነው። ከሰል አይታሰብም፤ በተዘጋ ክፍል ጋዙ ሰውንም እባቡንም ይጨርሳል። ጤነኛ እባብ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ይችላል፣ እስኪሞቀው ድረስ ግን አይመገብም።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ከካብ ውስጥ እባብ እንዳታወጡ። እፉኝቱን ከሌላው እስክትለዩ ይነድፋችኋል፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ ያስጠይቃል።

ልጁ ሃሎጂኑን ከነተርሞስታቱ ሰቀለ። በሳጥኑ ሁለት ጫፍም ደሴና ባቲ ብሎ ጽፎ ለጠፈ። እናቴ አሁን በደወለ ቁጥር ስልኩን ከእጄ ትነጥቃለች።

«ያ ጉደኛህ ዛሬ የት ዋለ?»

«ባቲ ወርዷል፣ እማማ።»

«እንግዲያው በልቷል» አለች።