ደረት ሳይከፈት የምትዘጋው ቱቦ

ፅንስ በማህፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ፣ በእትብቱ በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ሳንባ ይሄድ የነበረው አብዛኛው ደም በአንዲት አጭር ቱቦ አቋርጦ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ፣ ወደ አኦርታ ይገባል። ቱቦዋ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ትባላለች። ልጁ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ሥራዋ ያበቃል። ቀኑን ጠብቆ በተወለደ ልጅ ላይ ብዙውን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ ትዘጋለች።

አንዳንዴ ግን ክፍት ትቀራለች። ያኔ ደም ከአኦርታ ወደ ሳንባ ይፈሳል። ሳንባ ይጨናነቃል፤ የልብ ግራ ክፍልም ትርፍ ሥራ ይሸከማል። ጠባብ ከሆነች ልጁ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሰፊ ስትሆን ግን ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትነቃው እናት ናት። ልጇ ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ኪሎውም አልጨምር ይላል። ሐኪም ደረቱን ሲያዳምጥ እንደ ሞተር የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። ቁርጡ የሚታወቀው በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሮበርት ግሮስ ቦስተን ውስጥ የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ደረት ከፍቶ ቱቦዋን አሰረ። በ1967 ደግሞ ቨርነር ፖርስትማን በርሊን ላይ ደረት ሳይነካ፣ በደም ስር ገብቶ ዘጋት።

ዛሬ ልጁ ማደንዘዣ ይሰጠውና ብሽሽቱ ላይ ባለው ደም ስር በመርፌ ቀዳዳ ካቴተር የሚባል ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ በራጅ እያየ እስከ ዳክተሷ ይመራዋል። ቀለም ረጭቶ ስፋቷን ይለካል። መዝጊያው ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ የተሠራ የሽቦ መረብ ነው። በካቴተሩ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል፤ ሲወጣ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። እኔን የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መዝጊያው ከሚገፋው ቀጭን ገመድ ወዲያው አይለቀቅም። ቦታው ካልጣመ መልሶ ይሳባል፣ እንደገና ይሞከራል። ሲረጋገጥ ብቻ ይፈታል።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። መዝጊያው ሊንሸራተት፣ አጠገቡ ያለውን ደም ስር ሊያጠብ፣ ወይም ብሽሽት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ያለ ቀናቸው ለተወለዱ መድኃኒትም ይሞከራል፤ ከ700 ግራም ጀምሮ ለሚመዝኑት የሚሆን ትንሽ መዝጊያ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የሳንባ ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ደሙ አቅጣጫውን ከቀየረ ግን መዝጋቱ ራሱ ይጎዳል።

ብዙ ልጆች በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። በወራት ውስጥ የልጁ የራሱ ሥጋ መረቡን ይሸፍነዋል። እስከዚያ፣ ለ6 ወር ያህል፣ ጀርም በደም በኩል መረቡ ላይ እንዳያርፍ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል።