የኢንዱስትሪ ጉዳቶች አማካሪ ምክር ቤት ምንድን ነው?

ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ጉልበቱ ቢያልቅ፣ የጨረሰው ሥራው ነው ወይስ ዕድሜው? ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ቢያይም አይለየውም። የቆፋሪም የጸሐፊም ጉልበት ሲያረጅ አንድ ዓይነት ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ይህን ጥያቄ አጥንቶ መንግሥትን የሚያማክረው የኢንዱስትሪ ጉዳቶች አማካሪ ምክር ቤት ነው።

መነሻው በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። የሥራ ጤና ሐኪሞች፣ የበሽታ ስርጭት አጥኚዎችና የሕግ ሰዎች አሉበት፤ ከአሠሪና ከሠራተኛ ወገንም እኩል ቁጥር ያላቸው ተወካዮች ይቀመጣሉ። የአንድን ሰው ማመልከቻ አያዩም። የትኛው በሽታ፣ ለየትኛው ሥራ፣ ካሳ በሚያስገኘው ዝርዝር ይግባ የሚለውን ነው ለሚኒስትሩ የሚመክሩት። በሽታው ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አንዳንዱ ቀላል ነው። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከአስቤስቶስ ውጪ እምብዛም አይመጣም፤ በሽታው ራሱ ምስክር ነው። ጉልበት ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ወደ ቁጥር ይሄዳሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ተራ ሰዎች 10 ይታመማሉ እንበል። ከ100 ቆፋሪዎች 20 ቢታመሙ፣ 10ሩ ያለ ሥራውም የሚታመሙ ነበሩ፤ 10ሩን ያሳመማቸው ሥራው ነው። የእያንዳንዱ ታማሚ ዕድል እኩል በእኩል ሆነ ማለት ነው። ከእጥፍ ሲያልፍ «ሥራው ነው» የሚለው ያመዝናል፤ ምክር ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከመሬት በታች 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩ የከሰል ቆፋሪዎች የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም በ2009 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ የተመዘገበው በዚህ መንገድ ነው።

መለኪያው ግልጽ ነው፤ ጨካኝም ነው። የታመሙት ቆፋሪዎች 20 ሳይሆኑ 18 ቢሆኑስ? ስምንቱን ያሳመማቸው ሥራው መሆኑ እርግጥ ነው፤ የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ ግን ስለማይታወቅ 18ቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ምክር መስጠትና ሕግ ማውጣትም ለየቅል ነው። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚይዙ ሠራተኞች ጣታቸው ወደ መዳፍ ታጥፎ የሚቀርበትን ዱፑይትረን የተባለ ሕመም ምክር ቤቱ በ2014 እንዲመዘገብ መከረ፤ ሕግ የሆነው በ2019 መጨረሻ ነው። በ2022 ደግሞ ኮቪድ በጤናና በእንክብካቤ ሠራተኞች ላይ ያስከተላቸው አምስት ከባድ ጉዳቶች፣ ስትሮክንና ሃርት አታክን (ድንገተኛ የልብ ሕመምን) ጨምሮ፣ እንዲገቡ መክሯል። ለወራት የሚጎተተውን የኮቪድ ሕመም ግን፣ ማስረጃው ገና አልበቃም ብሎ ተወው።

እዚያ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር፦ ዝርዝሩ የሚያገለግለው ለተቀጣሪ ነው። የግል ሥራውን የሚሠራ ሰው፣ የያዘው በሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ቢኖርም፣ በዚያ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ካሳውን መጠየቅ አይችልም።