«ማንጋኦን ታ»፦ በአንዲት «ታ» ውስጥ ያለች ግብዣ

ዱባይ፣ ዴይራ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን ስንኖር ከጎኔ የምትተኛው የሴቡ ልጅ ነበረች። ሴቡ የፊሊፒንስ ደሴት ናት። ቋንቋቸውን ቢሳያ ይሉታል፤ ሴብዋኖም ይባላል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «ማናንግ» እላታለሁ። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው። እሷ ደግሞ «ዳይ» ትለኛለች። ታላቅ ለታናሽ ሴት በፍቅር የሚጠራው ነው።

አንድ ዓርብ ምሳ አቅርበን ወለል ላይ ተቀምጠናል። በሩ ገርበብ ብሏል። የሕንፃው ዘበኛ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየሁት። የቦሆል ደሴት ሰው ነው፣ ቢሳያ አፍ የፈታበት ነው። የለመድኩትን ቋንቋ ልሞክር ብዬ «ማንጋኦን ሚ!» አልኩት። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ማናንግ ያነሳችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች። «ዳይ፣ ምን እንዳልሽው ታውቂያለሽ? እኛ ልንበላ ነው፣ አንተ የለህበትም ነው ያልሽው» አለችኝ። ከዚያ ብድግ ብላ እስከ በሩ ሄደችና «ኖንግ! ማንጋኦን ታ!» ብላ ተጣራች። «ኖንግ» ታላቅ ወንድ የሚጠራበት ነው፤ ታናሹ «ዶንግ» ይባላል። ሰውዬው ተመለሰ። ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

ልዩነቱ «ሚ» እና «ታ» ብቻ ነበር። ያቺን ቀን አልረሳትም። ቢሳያ መማር የጀመርኩትም በእውነት ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉን እንፍታው። «ካኦን» መብላት ነው። «ማንግ» ከፊቱ ሲቀጠልበት የ«ክ» ድምፅ ትዋጥና «ማንጋኦን» ይሆናል፤ ብዙ ሰው ሆኖ መብላትን ያሳያል። አነባበቡ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እንግዳ» ስትሉ «ን» ከጉሮሮ አካባቢ እንደምትወጣው አድርጋችሁ «ግ»ን ተዉት። የቢሳያው ድምፅ እሱ ነው። በፊደላችን ለብቻው ስለሌለ «ንጋ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

«ታ» ማለት «እኛ» ነው። «ሚ»ም «እኛ» ነው። ግን «ታ» የምትሰማውን ሰው ይጨምራል፤ «ሚ» ያስቀረዋል። «ታ» ካሉህ አንተም አለህበት። «ሚ» ካሉህ ስለ ራሳቸው እየነገሩህ ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህ ልዩነት በቃል የለም። እንግድነት ሄደን ባል ለሚስቱ «እንሂድ» ሲላት ጋባዡን አይጨምርም፤ ያንን የምናውቀው ከሁኔታው ነው። ቢሳያ ግን ለሚስቱ «ሞውሊ ና ታ» ይላታል፣ ወደ ቤታችን እንሂድ ነው። ለጋባዡ ደግሞ «ሞውሊ ና ሚ» ይለዋል፣ እኛ መሄዳችን ነው። ለጋባዡ «ታ» ቢለው ከገዛ ቤቱ ይዞት ሊሄድ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ «ማንጋኦን ታ» ከእኛ «እንብላ» ጋር አንድ ነው የምለው ለዚህ ነው። አጠቃቀሙም ያው ነው። ቢሮ ውስጥ ምሳ ዕቃ ከፍተህ ሰው ሲያልፍ «እንብላ» ሳትል መጉረስ ትችላለህ? አንገት ላይ ይቆማል። ቢሳያም እንደዚያው ነው። የሚበላ ሰው የሚያልፍን ሰው ሳይጠራ አይበላም። ምግቡ ለአንድ ሰው እንኳን ባይበቃም ይጠራል።

መልሱም ሥርዓት አለው። እኛ «ብሉ፣ ማዕዱ ይባረክ» እንደምንለው እነሱም «ሲገ ላንግ፣ ሳላማት» ይላሉ፤ ግድ የለም፣ አመሰግናለሁ ነው። ወይም «ቡሶግ ፓ ኮ»፣ አሁንም ጠግቤ ነው ያለሁት። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ መቀመጥ እዚያም ደስ አይልም። ሁለተኛና ሦስተኛ ከጠሩህ ግን የምር ነው። እምቢ ማለትህን ካበዛህ ሌላ አባባል ትሰማለህ፦ «አያው ባሊባሪ አንግ ግራስያ»። ግራስያን አትግፋ ማለት ነው። «ግራስያ» የስፔን ቃል ነው፣ ጸጋ። ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1898 ሲገዟቸው ከካቶሊክ እምነት ጋር የገባ ነው። በእነሱ አፍ ግን ወደ ምግብ ወረደ። መሬት ላይ የፈሰሰ ሩዝም ግራስያ ነው። እናቶቻችን የወደቀ እንጀራ አይረገጥም ሲሉ የሚሰማቸው ስሜት ነው።

«ካኦን» ራሱ ግን ከስፔን በፊት የነበረ፣ በጣም ያረጀ ቃል ነው። የማሌዎቹ «ማካን»፣ የሌሎቹ ፊሊፒናውያን የታጋሎጎቹ «ካይን» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። እኔን የገረመኝ ማዳጋስካር ነው። ማላጋሲዎች ምግብን «ሃኒና» ይላሉ፤ ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ቃሉ ከሰዎቹ ጋር በጀልባ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ እኛው አህጉር አጠገብ ደርሷል። የቢሳያው «ካን-ኦን» የ«ሃኒና» ወንድም ነው። ቃል በቃል «የሚበላው» ማለት ሲሆን ትርጉሙ የበሰለ ሩዝ ነው። ማሳ ላይ ሳለ «ሁማይ» ነው፣ ተፈትጎ ጥሬውን ሲሸጥ «ቡጋስ»፣ ሲበስል «ካን-ኦን»። ጤፍ፣ ሊጥ፣ እንጀራ እንደማለት ነው። ከመርከበኛው ማጄላን ጋር እ.ኤ.አ. በ1521 ሴቡ የደረሰው ጣሊያናዊው ፒጋፌታ የሀገሬውን ቃላት ሲመዘግብ ሩዝን የጻፈው በዚሁ «ቡጋስ» ነው። ማጄላን እዚያው ሴቡ አጠገብ ማክታን ደሴት ላይ ሞተ፤ ቃሉ ግን ዛሬም ገበያ ላይ አለ።

በኋላ ከማናንግ ጋር ሴቡ ሄጄ ነበር። እዚያ ተራው ሰው የሚበላው ካሪንደርያ ነው። ትንሽ ምግብ ቤት ነው፤ ድስቶቹ መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ ክዳኑን ከፍተህ አይተህ ትመርጣለህ። ባለቤቷ ጓዳ ከሆነች «አዮ!» ትላለህ። «ማአዮ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ደግ ወይም መልካም ማለት ነው። እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው ነው። ቤት ከሆነ ከውስጥ «ዳዮን!» ይሉሃል፣ ይግቡ።

ከዚያ «ኡንሳይ ሱድ-አን?» ብለህ ትጠይቃለህ። «ሱድ-አን» ማለት ማባያ ነው፤ ከሩዙ ጋር የሚበላው ሁሉ። ለዚህ ቃል እንግሊዝኛ ሲቸገር አይቻለሁ፣ አማርኛ ግን አይቸገርም። «ናአ ፓ ሞይ ኢስዳ?» አሣ አላችሁ ወይ ነው። ካለቀ «ሁሮት ና» ይሉሃል። ስታዝ ቁጥሩና ዕቃው መካከል «ካ» ትገባለች፦ «ኡሳ ካ ካን-ኦን፣ ፓሊሆግ»፣ አንድ ሩዝ እባክሽ። ሁለት «ዱሃ»፣ ሦስት «ቱሎ»። ሂሳብ ላይ ግን ቁጥሩ ድንገት ስፔንኛ ይሆናል። «ፒላ ታናን?» ሁሉም ስንት ነው ብለህ ስትጠይቅ «ሲንግክዌንታ» ብትልህ ሃምሳ ፔሶ ነው። ዕቃ በራሳቸው ቋንቋ፣ ብር በስፔንኛ ይቆጥራሉ።

ለእኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ሴቡ የአሳማ ሀገር ናት። በከሰል ላይ የሚሽከረከረው ሌቾን የሚኮሩበት ምግብ ነው። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛው «ባቦይ ባ ኒ?»፣ ይሄ አሳማ ነው? ሁለተኛው «ዲሊ ኮ ሞካኦን ኦግ ባቦይ»፣ አሳማ አልበላም። ማንም አይቀየምም። ጾም ከሆነ ደግሞ «ናአ ባ ኒይ ካርኔ?»፣ ሥጋ አለበት? በሉ። ዓርብ ዓርብ ብዙ ቤት «ሙንጎስ» ይሠራል። ትናንሽ አረንጓዴ የማሾ ወጥ ነው። ካቶሊኮች ዓርብን ከሥጋ ስለሚጾሙ የቀረ ልማድ ነው። ደረቅ አሣ ወይም አሳማ ሊገባበት ስለሚችል ግን ጠይቃችሁ ብሉ።

ሁለቴ ሦስቴ ከተመላለስክ «ሱኪ» ትባላለህ። ከቻይናው ሆክየን ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ገዢው ሻጩን፣ ሻጩም ገዢውን «ሱኪ» ይለዋል። ልክ «ደንበኛዬ» በሁለቱም በኩል እንደሚሠራው። ሱኪ የሆነ ሰው መረቅ ሲጨመርለት አይቆጠርበትም።

የ«ታ»ን ትርጉም በዓይኔ ያየሁት ግን ፑንግኮ-ፑንግኮ ላይ ነው። «ፑንግኮ» መቀመጥ ነው። መንገድ ዳር ዝቅ ያለ አግዳሚ፣ መሐሉ ላይ ጥብስ የተሞላ ገበታ፣ አጠገቡ ቃሪያና ሽንኩርት የገባበት ኮምጣጤ። አጠገቡ «ፑሶ» በዘለላ ተንጠልጥሏል። የኮኮናት ቅጠል ተጎንጉኖ እንደ ትንሽ ከረጢት ይሆንና ውስጡ ሩዝ ተደርጎ ይቀቀላል። ቅርጹ የሙዝ አበባ ይመስላል። ሴትዮዋ በቢላ ለሁለት ስትከፍለው የቅጠሉ ሽመና ሩዙ ላይ ታትሞ ይታያል። ትኩስ ቅጠል ይሸታል።

የሚበላው በእጅ ነው፣ «ኪናሞት» ይሉታል፤ «ካሞት» እጅ ነው። ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ስስ ፕላስቲክ ያጠልቃሉ። እኔ ታጥቤ በባዶ እጄ ስጎርስ ሴትዮዋ አየችኝና ለማናንግ አንድ ነገር አለቻት። «እጇ እንደኛ ነው» ማለቷ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ጎርሼ «ላሚ ካአዮ» አልኩ፣ በጣም ይጣፍጣል።

ሲጨርሱ ማንም አይቆጣጠርም። የበላኸውን ራስህ ትናገራለህ። ባዶ ቅጠሎቹ ከፊትህ ስላሉ ፑሶው ይቆጠራል፤ ለቀሪው ቃልህ ይበቃል።

እዚያ ሳለን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መጥቶ ቆመ። አግዳሚው ሞልቷል። ገንዘቡን በእጁ ጨብጦ ጥብሶቹን ያያል። ከእኛ ማዶ የተቀመጠው የጉልበት ሠራተኛ ፑሶውን እንደያዘ አንድ ስንዝር ገፋ አለ። ቀጥሎ ያለውም ገፋ አለ፣ ማናንግም፣ እኔም። የአንድ ሰው ቦታ ተገኘ። ሰውዬው ጣቱን ከሩዙ ሳያወጣ በአገጩ ቦታውን አሳየውና «ዶንግ፣ ማንጋኦን ታ» አለው።