«ምክትል አሰልጣኝ ካርድ አያይም» እና ሌሎች ከተጠባባቂ ወንበር የሚሰሙ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የሰፈር ዋንጫም ይሁን የትምህርት ቤቶች ውድድር ስዳኝ የማየው ነገር አንድ ነው። ዋናው አሰልጣኝ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ምክትሉ መስመር ላይ ቆሞ ይጮሃል። ጠጋ ስል «እኔ ምክትል ነኝ፣ እኔን ምን አገባህ!» ይለኛል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በዚህ ምክንያት ፊሽካቸውን አስረክበው የቀሩ ጎበዝ ወጣት ዳኞች አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ልጨርስ።

«መስመር ዳኛው ባንዲራ ካነሳ ዋናው የመንፋት ግዴታ አለበት።» የለበትም። ረዳት ዳኛ ያማክራል እንጂ አይወስንም።

«አምበል የመከራከር መብት አለው።» አምበል ለቡድኑ ሥነ ምግባር ኃላፊነት አለበት፤ ልዩ መብት ግን ሕጉ አልሰጠውም።

«ብዙ ከተጮኸ ዳኛው ይቀይራል።» ዳኛ መሳሳቱን ራሱ ካወቀ ወይም ባልደረባው ከነገረው ማረም ይችላል። ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ ግን የቅጣት ምቱን ወይም የውርወራውን ውሳኔ መመለስ አይችልም። ታዲያ ከሁለት ደቂቃ በፊት ስላለፈ ውርወራ መጮህ ለማን ይጠቅማል?

«ሁላችንም ቆመን መምራት እንችላለን።» ታክቲክ ለመናገር በአንድ ጊዜ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለመምራት የሚቆምበት የተፈቀደ ክልልም ከመቀመጫው ግራና ቀኝ 1 ሜትር፣ ወደ ፊት ደግሞ ከሜዳው መስመር 1 ሜትር እስኪቀር ድረስ ነው። ዋናው ከቆመ ምክትሉ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምክትል አሰልጣኝ ካርድ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2011 ማለት ነው፣ አሰልጣኝ፣ ምክትል፣ ቡድን መሪ፣ ወጌሻ ሳይባል ወንበር ላይ ያለ የቡድን ባለሥልጣን ሁሉ ቢጫም ቀይም ይሰጠዋል። ቀለል ያለ ቅሬታ ማሰማት ወይም አልፎ አልፎ ከክልል መውጣት ያለ ካርድ የቃል ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። በንዴት የውሃ ጠርሙስ መወርወር፣ ለዳኛ እያፌዙ ማጨብጨብ፣ ካርድ ስጥ እያሉ ደጋግሞ በእጅ ማሳየት ቢጫ ነው። ሆን ብሎ ከክልሉ ወጥቶ ዳኛን መሞገት፣ ሜዳ ውስጥ ዕቃ መወርወር፣ መሳደብ ቀጥታ ቀይ ነው። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ገብቶ ዳኛን መጋፈጥም እንዲሁ። ሁለት ቢጫም እንደ ተጫዋቹ ሁሉ ያስወጣል።

ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ «ዳኛው ማን እንደተናገረ ካላወቀ ምን ያመጣል» የሚለው ነው። አንድ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ተጠባባቂዎቹ ከክፍል በወጡ ዴስኮች ላይ ተደርድረው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነፋሱ ከጣና በኩል ይመጣል። ጀርባዬን እንደሰጠሁ «ሌባ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። «ማነው የተናገረው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም። ረዳቴም አላየም። ቀዩን ለዋናው አሰልጣኝ አሳየሁት። «ኧረ እኔ አፌን አልከፈትኩም!» አለ። እውነቱን ነው፣ አልከፈተም። ነገር ግን ጥፋተኛው ካልተለየ ካርዱን የሚቀበለው እዚያ ያለው ከፍተኛው አሰልጣኝ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ያ ሰው ከሜዳ ሲወጣ ምክትሉን እንዴት እንዳየው አልረሳውም።

ቀይ የሚገባው ወጌሻ ቢሆንና ቡድኑ ሌላ የሕክምና ሰው ባይኖረው ግን እንዲቆይ ይፈቀድለታል፤ የተጎዳ ልጅ ያለ ረዳት መቅረት የለበትምና።

ምክትሎች ሆይ፣ ስማችሁን ማጥፋት አልፈልግም። ልጆቹን ከማንም በላይ የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ስትሳደቡ የ14 ዓመቱ ልጅ ቀድቶ በሚቀጥለው ኳስ ይሳደባል። ጥያቄ ካላችሁ ኳስ ስትቆም፣ ከክልላችሁ ሳትወጡ፣ በዝግታ ጠይቁ። የጣና ሞገዶቹን፣ የባሕር ዳር ከተማን ቡድን፣ ለማየት ስታዲየም ስትገቡ በሁለቱ ወንበሮች መሀል የሚቆመውን አራተኛ ዳኛ አስተውሉት፤ ከሥራው አንዱ እናንተን መስማት ነው። ሰፈር ጨዋታ ላይ አራተኛ ዳኛ የለም። ስለዚህ ጩኸቱ ሁሉ የሚያርፈው እናንተ አጠገብ ባንዲራ በያዘው ልጅ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ዓይኑን ከመጨረሻው ተከላካይ ካነሳ ከጨዋታ ውጪውን ሳያይ ይቀራል፤ የምትጎዱትም እናንተው ናችሁ።

ለወጣት ዳኞችም አንድ ልበል። የመጀመሪያውን «ኧረ ዳኛ!» ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት፤ ሰው ነው፣ ይናደዳል። ሲደጋገም ኳስ ስትቆም ሂዱና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጣት ሳትቀስሩ አስጠንቅቁ። ዋናው አሰልጣኝ እንዲሰማ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ምክትሉን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱን አውጡ፣ አትከራከሩ። ሪፖርቱንም የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፉ። «ሰደበኝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ደቂቃውን፣ የሰውየውን ኃላፊነትና የተናገረውን ቃል እንዳለ አስፍሩ።