እስፖርት ወይስ ስፖርት? የእንግሊዝኛ ተከታታይ ተነባቢዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አማርኛ ተናጋሪ ተነባቢ ማደራረብ አይችልም»

ልብስ፣ ወርቅ፣ ከብት፣ ስልክ በሉ። መጨረሻቸው ላይ ሁለት ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ገጥመዋል። ስልክ ያለ ሚልክ ለማለት አይቸገርም። የሚፈትነን የቃል መነሻ ነው፤ በተለይ ኤስ ከፒ፣ ከቲ ወይም ከኬ ጋር ሲገጥም ከፊት «እ» ትቀድማለች። በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ግን በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ የቃል መጨረሻም ይከብዳል። በኦሮምኛ ባንክ «ባንኪ»፣ ፊልምም «ፊልሚ» ነውና። አንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ልምምድ መስጠት ልፋት ማባከን ነው።

«አንዲት አናባቢ ብትገባ ምን ችግር አለው?»

ቃሉን ትለውጠዋለች። ስቴት ግዛት ነው፤ «እ» ስትቀድመው በአያትና በለገጣፎ መንገዶች በየማስታወቂያው የምናነበው የሪል እስቴቱ «እስቴት» ይሆናል። ስቲም እንፋሎት፣ እስቲም ደግሞ አክብሮት ነው። በመሀል ስትገባም ያው ነው፤ ስፖርት ድጋፍ ወደሚለው ሰፖርት ይጠጋል።

መፍትሔው ጉሮሮ ላይ ነው። ስፖርት ለማለት ሁለት ጣት ማንቁርት ላይ አድርጉና «ስስስስ» እያላችሁ 2 ሰከንድ ያህል ቆዩ። መንዘር የለበትም። ከመጀመሪያው ከነዘረ «እ» ገብታለች ማለት ነው። ትንፋሹን ሳታቋርጡ ከንፈር ገጥማችሁ ወደ ፒ እለፉ፤ ንዝረቱ የሚጀምረው «ኦ» ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከኤስ በኋላ ፒን በኃይል አትንፉት፤ እንግሊዞችም እዚህ ቦታ ላይ አለዝበው ነው የሚሉት።

ሦስት ተነባቢ ሲከታተል ከኋላ ጀምሩ፦ ሬይን (ዝናብ)፣ ትሬይን (ባቡር)፣ ስትሬይን (ውጥረት)። እያንዳንዱን 5 ጊዜ ሳትሳሳቱ ሳትጠሩ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። በስልክ ቀድታችሁ አዳምጡት፤ እየተናገርን ሳለ የራሳችንን «እ» አንሰማትም።

«በአማርኛ ፊደል ጽፎ መያዝ ይረዳል»

ቃሉን ለማስታወስ ይረዳ ይሆናል፤ ለአነጋገር ግን ያሳስታል። ሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑራት አይኑራት አትነግረንም። ልብስ ውስጥ «ል» አናባቢ አላት፣ «ብ» የላትም፤ ሁለቱም የሚጻፉት በሳድስ ነው። የራሳችን ቋንቋ ስለሆነ እንለየዋለን፣ በባዕድ ቃል ግን እንገምታለን። እዚህ የተጻፉትንም ቃላት መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ባለው መተግበሪያ አድምጡ፣ ከዚያ አንብቡ።

«ሁለት ተነባቢ ፊደል ካየሁ ሁለት ድምፅ ነው»

አይደለም። ሺፕ ሲጻፍ በኤስና በኤች ይጀምራል፣ ድምፁ ግን አንድ «ሽ» ነው። ሲክስ መጨረሻ ላይ ያለው ኤክስ ደግሞ አንድ ፊደል ሆኖ «ክ»ንና «ስ»ን ይዟል።

«ያለፈ ጊዜ ሁሉ በ‹ኢድ› ያልቃል»

ይህ ስሕተት ከሁሉ ይበዛል። «ኢድ» የሚባለው ግሡ በቲ ወይም በዲ ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው፦ ዎንትድ ሳይሆን ዎንቲድ፣ እንዲሁም ኒዲድ። ዎርክ ግን ጉሮሮ በማይነዝርበት «ክ» ስለሚያልቅ ዎርክት ይሆናል፤ ፕሌይ በሚነዝር ድምፅ ስለሚያልቅ ፕሌይድ።

«ፈረንጆች እያንዳንዷን ተነባቢ ይጠራሉ»

ኔክስት ዴይ ሲሉ በፍጥነት ንግግር ቲ ትዋጣለች፤ እናንተም ብትውጧት ነውር የለውም። አናባቢ ከተከተላት ግን አትጣሏት፦ ኔክስት አወር ሲባል ቲ ወደ ሁለተኛው ቃል ተሻግራ «ኔክስ-ታወር» ይሰማል። መጨረሻው ለሚከብደው ተማሪ ይህ መሻገር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፋይንድ ኢት «ፋይን-ዲት» ሲሆን አስቸጋሪው ጥምረት ለሁለት ይከፈልለታል።